የምስጋና መልእክት፦ ልጃችን ዛሬ አንድ ዓመቷ ነው

ለወዳጅ ዘመዶቻችን፣ በሜሪላንድና በአካባቢው ላላችሁ ወገኖቻችን፣

ዛሬ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2024፣ ልጃችን አንድ ዓመት ሞላት። አምና በዚህ ቀን፣ በጥቅምት ማርያም ዕለት፣ ገና በ29 ሳምንቷ ተወለደች። ስትመዘን 1,150 ግራም ሆነች። ዛሬ የሶፋውን ጠርዝ ይዛ ትቆማለች። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በደስታ ትጮሃለች። ሽሮ አስነክተን እንጀራ ስናቀምሳት ወደደችው።

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። በጀመርኩ ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ ተውኩት። ዛሬ ግን ልደቷ ሳያልፍ ልጨርሰው ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔና ባለቤቴ ከትልቁ ልጃችን ጋር በ2022 በዲቪ መጣን። ባለቤቴ ዲሲ ፓርኪንግ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። እኔ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነበርኩ። የእኔ ሥራ ኢንሹራንስ የለውም። የእሱ አለው፤ ግን ቤተሰቡን በሙሉ ለማስገባት በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ለቤት ኪራይ አያስተርፈንም።

ማርገዜን ያወቅኩት አምና ሜይ ላይ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የሆስፒታሉ ሂሳብ አስጨነቀኝ። የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፦ «ግሪን ካርድሽ አምስት ዓመት ካልሞላው ሜዲኬይድ አታገኚም።» ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ብትወስጂ ነገ ዜግነት ስትጠይቂ ይከለክሉሻል» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ የሰሙትን ነው የነገሩኝ። እኔም አመንኩ። ሐኪም ሳያየኝ ሦስት ወር ቆየሁ። ከፋርማሲ ቫይታሚን ገዝቼ እወስዳለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። በቃ።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ በፍልሰታ ጾም ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው እናት ይድረሳቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አደራ ብለውኛል። ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ ተቀምጠው ሆዴን አዩና «ልጄ፣ ክትትል ጀመርሽ?» አሉኝ። አለመጀመሬን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ ነገሩን ያውቁታል። «የአምስት ዓመቱ ነገር ውሸት አይደለም፤ በ1996 የወጣ ሕግ ነው» አሉኝ። «ግን በ2009 ሌላ ሕግ ወጣ። ስቴቶች ከፈለጉ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ ይህን አምስት ዓመት የመጠበቅ ግዴታ እንዲያነሱት ፈቀደ። ሜሪላንድ አንስቶታል። አንቺ ዛሬውኑ ማመልከት ትችያለሽ።» ዜግነቱንም ጠየቅኳቸው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለእርግዝናው ሜዲኬይድ ቢጠቀም ለዜግነት ማመልከቻው እንቅፋት እንደማይሆንበት አስረዱኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሦስት ወር ሙሉ የፈራሁት በር ለካ ክፍት ነበር።

በማግስቱ ቤታቸው ወሰዱኝና ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን ወደሚባለው፣ ለጤና መድን ወደሚመዘገብበት የስቴቱ መሥሪያ ቤት ደወልን። «አማርኛ» ስል አስተርጓሚ አገናኙኝ። ክፍያ የለውም። ስልኩ ላይ የነበርሽው እህቴ፣ ስምሽን እንኳን አልያዝኩትም። «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ አንድ ቃል አላስቀርብሽም» ያልሽኝን ግን አልረሳውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እዚያ ስልክ ላይ የሰማሁት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ልቤን ይነካኛል። የቤተሰቡን ብዛት ሲጠይቁኝ «ሦስት ነን» አልኩ። «አይ፣ አራት ናችሁ፤ በሆድሽ ያለው ልጅ ይቆጠራል» አሉኝ። በሕጉ የነፍሰ ጡር ቤተሰብ ሲቆጠር ገና ያልተወለደው ልጅም አብሮ ይገባል። የገቢው ጣሪያም ለነፍሰ ጡር ከፍ ያለ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለሌላው አዋቂ ሰው ከድህነት መስመሩ 138 በመቶ ሲሆን ለነፍሰ ጡር እስከ 264 በመቶ ይደርሳል። ለልጆች ደግሞ እስከ 322 በመቶ። እኛ «ሁለታችንም ስለምንሠራ አያስገባንም» ብለን ነበር። ሁለት ሰው ቢሠራም ያስገባል።

ካርዱ መጣና ክትትል ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ቤት ውስጥ የምለካበት መሣሪያም ሰጡኝ። «ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይንሽ ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ ነገ አትበይ» ብላ ደጋግማ ነገረችኝ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሌሊት ሦስቱም መጡ። ያ ምክር ባይኖር ኖሮ ድካም ነው ብዬ እተኛ ነበር። እናቴ ብትሆንም «ውኃ ጠጪና ተኚ» ትለኝ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ወጥቶ እየነዳ መጣ፣ ሆስፒታል ደረስን። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ነው ተባልኩ። ሁለት ቀን ሊያቆዩኝ ሞከሩ፤ አልሆነም። በኦፕራሲዮን ወለድኩ።

ልጄን መጀመሪያ ያየኋት በመስታወት ውስጥ ነው። የባለቤቴ የጋብቻ ቀለበት በክንዷ ላይ ይገባ ነበር። ኒኪዩ በሚሉት የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል 58 ቀን ቆየች። የሌሊት ነርሶች ሆይ፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን? ደረቴ ላይ አድርጌ እንዳቅፋት ስታስተምሩኝ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ እጄን ይዛችሁ። አንዷ የልጄን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፌ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ከዚያ ራሷ ገልብጣ አልጋዋ ላይ ለጠፈችው። ፊደሉ ትንሽ ተጣሞ ነበር። አሁን አልበም ውስጥ አለ።

ባለቤቴ በሦስተኛው ሳምንት ሂሳቡ አስጨንቆት ወደ ሶሻል ወርከሯ ሄደ። መኪናችንን ለመሸጥ አስቦ ነበር። እሷም አስቀመጠችውና ነገረችው። እናቲቱ ሜዲኬይድ ላይ እያለች የተወለደ ልጅ ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው እስከ አንድ ዓመቱ ይሸፈናል። ለእርግዝናውና ለወሊዱም ከእኛ የሚጠየቅ ክፍያ የለም። «እዚህ አገር ከሚወለዱት ልጆች ከአሥሩ ወደ አራቱ የሚጠጉት ወሊዳቸው በሜዲኬይድ ነው የሚከፈለው፤ አትፈር» አለችው። ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እናንተን ደግሞ እንዴት እረሳለሁ። አራስ ነኝ፤ ቤቴ ግን ልጅ የለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለኝ ሰው ምን ብሎ እንደሚገባ ይጨነቃል። እናንተ ግን ገባችሁ። ገንፎው በቅቤና በበርበሬ፣ አጃው በፔርሙዝ፣ አብሹ ሳይቀር መጣ። ትልቁን ልጄን ተራ ገብታችሁ ከትምህርት ቤት ታመጡልኝ ነበር። የፓርኪንግ ባልደረቦቹ ፈረቃውን ተካፍለው ሸፈኑለት። ዕቁብተኞቹም ዕጣውን ለእኛ ለቀቃችሁ። ብድራችሁን እርሱ ይክፈለው።

ልጄ ዲሴምበር 29 ወደ ቤት ገባች። በጥምቀት ዕለት፣ በ80 ቀኗ፣ ክርስትና ተነሳች። ሐኪሞቹ ትወለድበታለች ካሉት ቀን ገና ሦስት ቀን ነበር ያለፈው።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ድሮ የእናት ሜዲኬይድ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ቆይቶ፣ 60ኛው ቀን የዋለበት ወር ሲያልቅ ይቋረጥ ነበር። በእኔ ቢቆጠር ዲሴምበር 31 ማለት ነው። ልጄ ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን! በ2021 በወጣ ሕግ ስቴቶች ይህን ወደ 12 ወር ማራዘም እንዲችሉ ተፈቀደላቸው። ሜሪላንድም ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ አራዘመ። እኔ የታመምኩት ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ግፊቱ ሳይሆን መንፈሴ ነው የታመመው። ልጄ ተኝታ እንኳን እንቅልፍ የለኝም። ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ምክንያቱን ሳላውቀው አለቅሳለሁ። «ልጅሽ ድና ምን ሆንሽ?» እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። የልጄ ሐኪም ናት ያወቀችው። እሷን ልታይ መጥታ ለእኔ የጥያቄ ወረቀት ሰጠችኝ። መልሶቼን አንብባ ወረቀቱን አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። የወሊድ ድብርት ነው፤ ይታከማል። ስድስት ወር ታከምኩ፣ ዳንኩ። በድሮው ሕግ ቢሆን ካርዴ ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ያኔ ሐኪም ዘንድ እንደማልሄድ ራሴን አውቀዋለሁ። እህቶቼ፣ እንዲህ ከሆናችሁ እባካችሁ አትደብቁ።

የትልቁ ልጄንም ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው እንዲጠነቀቅ። አስም አለበት። ልጄ ገና ሆስፒታል እያለች፣ ዲሴምበር ላይ፣ መድኃኒቱን ልወስድ ፋርማሲ ሄድኩ። «ኢንሹራንሱ ተዘግቷል» አሉኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ለካ የእድሳቱ ደብዳቤ የተላከው መጀመሪያ ወደ ተጠጋንበት የዘመድ ቤት ነው። እኛ ለቀናል፤ እነሱም ለቀዋል። አድራሻ መቀየሬን ለአንድ መሥሪያ ቤት በስልክ ተናግሬ ነበር፤ አልተመዘገበም። በኮሮና ጊዜ የማንም ሜዲኬይድ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ደንብ በማርች 2023 አብቅቶ፣ በመላው አገሪቱ እድሳት የተጀመረበት ወቅት ነው። ገቢያቸው ሳይጨምር በወረቀት ጉድለት ብቻ የተቋረጠባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ያን ሌሊት ልጄ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይል ነበር። መድኃኒቱን በጥሬ ገንዘብ ገዛነው፤ የኪራይ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ለማመልከቻ የሚያግዘን ወንድማችን ደረሰልን። በዕረፍት ቀኑ ቤታችን መጣ። ከተቋረጠ በ90 ቀን ውስጥ የጎደለው ወረቀት ከገባ እንደ አዲስ ማመልከት እንደማያስፈልግ ያወቅነው ከእሱ ነው። የደሞዝ ወረቀቶቻችንን በስልኩ አንስቶ እዚያው ላከልን። ሳምንት ሳይሞላ ተስተካከለ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም ስቴት ልጆች አንዴ ከገቡ ለ12 ወር ሳይቋረጥባቸው መቆየት አለባቸው። አባት አንድ ወር ተጨማሪ ሰዓት ሠራ ብሎ ልጁን ማስወጣት የለም። ወንድሜ፣ ሻይ እንኳን በቅጡ ሳትጠጣ ሄድክ። ልጄ ዛሬ ኳስ እየሮጠ ይጫወታል።

ለማላውቃቸው ሰዎችም ምስጋና አለብኝ። ሜዲኬይድ የተጀመረው በ1965 ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን ፈረሙት። በ1997 ደግሞ ከሜዲኬይድ ትንሽ ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቺፕ የሚባለው የጤና መድን ተጨመረ። ያንን ከገፉት መካከል ሴናተር ኬኔዲና ሴናተር ሃች ነበሩ፤ አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች በልጆች ጉዳይ ተስማሙ። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ገና ልጅ ነበርኩ። ታክስ የሚከፍለው ሰው ሁሉም ልጄን አሳድጓታል። ባለቤቴም ከሌሊት ደሞዙ ላይ ታክስ ሲቆረጥ አሁን ቅር አይለውም፤ «የአንዱ ልጅ ኢንኩቤተር ነው» ይላል።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ እናንተም ጋ ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች አምስት ዓመት መጠበቅ የለም። ሁሉም ስቴት ግን እንደዚህ አይደለም፤ ስለዚህ ያላችሁበትን ጠይቁ። የጠየቃችሁት ሰው አይሆንም ቢላችሁም እኔን እዩና ራሳችሁ ደውሉ። ደውሎ የሚያግዛት ሰው የሌላት እርጉዝ እህት ካለች በቤተ ክርስቲያን በኩል ታግኘኝ። አብሬያት እደውላለሁ፤ እኚያ እናት ለእኔ እንዳደረጉልኝ።

የእኔ ካርድ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ 12 ወሩ ሞላ። ለራሴ በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል በድጎማ የሚገኘውን መድን ዛሬ ጠዋት መርጫለሁ። የልጄም የመጀመሪያ ዓመት ሽፋን ስላበቃ የእድሳቱን ፎርም ባለፈው ሳምንት ሞልተን ልከናል። አድራሻውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ባለቤቴ አራተኛ አየው።

ማታ ድፎ ዳቦ እንቆርሳለን። በሩ ክፍት ነው፣ ኑልን።

የሁለት ልጆች እናት
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ