ሰኞ ለምትረከቢው ክፍል

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? «ተማሪዎቼን እንዴት ላቀራርባቸው?» ላልሽው መልሴ ይኸውልሽ። «እንዋደድ፣ እንከባበር» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ልጆች የሚቀራረቡት ግን አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ ሲሰጣቸው ነው።

መጀመሪያ ስም። የመቀመጫቸውን አቀማመጥ በወረቀት ሥለሽ በየቦታው ስማቸውን ጻፊ። ደብተር ለአለቃ አትስጪ፣ አንቺው ስም እየጠራሽ አድዪ። አጠራሩ ካልገባሽ ከራሱ ከልጁ ጠይቂ። እነሱም እርስ በርስ መተዋወቃቸውን አረጋግጪ፤ ወር አልፎም «ያ ልጅ» የሚባባሉ ከሆነ ለቡድን ሥራ ገና ናቸው። የክፍል ደንብ ከ5 አይብለጥ፤ «አትረብሹ» ከማለት «አንድ ሰው ሲናገር እናዳምጣለን» ማለት ይሻላል፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራቸዋልና።

አሁን ዋናው፣ ጥያቄ አጠያየቅሽ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ መልሶቹ ረዘሙ፣ እጅ አውጥተው የማያውቁትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ትንሽ ነው፤ 30 ልጅ ዓይንሽን እያየ ግን ዘመን ነው። ስለዚህ ጠይቂ፣ በልብሽ ቁጠሪ፣ ከዚያ ስም ጥሪ። ስሙን ካስቀደምሽው የቀሩት 29 ማሰብ ያቆማሉ። ዝምታው አስጨንቆሽ ጥያቄውን በሌላ ቃል ከደገምሽው ደግሞ፣ እያሰበ የነበረው ልጅ ሐሳቡ ይበተንበታል። ከመልሱ በኋላም ትንሽ ቆይ በይ፤ ልጁ «ምክንያቱም…» ብሎ የሚቀጥለው ያኔ ነው።

ለቡድን ሥራ ጂግሶ የሚባለውን ዘዴ ያዢ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1971 (በፈረንጆቹ) ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ የጀመረው ነው፤ ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ በዝቶ ነበር። 30 ተማሪ ካለሽ በ5 በ5 አድርገሽ 6 ቡድን መሥርቺ፤ ጓደኛሞች ተመራርጠው እንዳይሰባሰቡ አንቺው መድቢ። ትምህርቱን 5 ቦታ ክፈይና በየቡድኑ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ክፍል ስጪ። ካነበቡ በኋላ ተመሳሳይ ክፍል የደረሳቸው 6ቱ ተገናኝተው 10 ደቂቃ ይመካከሩ፤ ከዚያ ወደየቡድናቸው ተመልሰው እያንዳንዱ 4 ደቂቃ ያስረዳ። ፈተናው በነፍስ ወከፍ ይሁን። የጋራ ማርክ ከሰጠሽ ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ስሙን ይጽፍና ጠቡ ይብሳል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አከፋፈሉ ላይ ነው። 3ኛው ክፍል ያለ 2ኛው የማይገባ ከሆነ ልጁ ባዶ እጁን ይመካከራል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚነበብ ይሁን። ተማሪው 33 ቢሆን ትርፎቹን ሦስት ቡድን ውስጥ አስገቢና ሁለት ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ይጋሩ። ማንበብ ለሚከብደው ወረቀቱን ከአንድ ቀን በፊት በእጁ ስጪው፤ ሰው ፊት ሲንተባተብ የዋለ ልጅ በማግስቱ ይቀራል።

ደብተር ስታርሚ «ጎበዝ» ወይም «ተሻሻል» ምንም አይነግረውም። «3ኛው መስመር ላይ የመቀነስ ምልክቱ ጠፍቷል፤ ከዚያ ጀምረህ እንደገና ሥራው» በዪ፣ መልሱን ግን አትጻፊለት። በቀን 5 ደብተር በደንብ ብታዪ በ6 የትምህርት ቀን ሁሉንም ትደርሻለሽ። ሠላሳውን በአንድ ማታ ያረመ ሰው የሚያየው ትክክልና ስህተት ምልክት ብቻ ነው።

የሚረብሸውን ከሰሌዳው ሥር ሆነሽ አትጩኺበት፤ ታዳሚ አግኝቷል ማለት ነው። ማስተማርሽን ሳታቋርጪ አጠገቡ ሂጂና በለሆሳስ ንገሪው። ድንገት ዝም ያለ፣ ምሳውን ብቻውን የሚበላ ልጅ ካየሽ ለብቻው አነጋግሪው፤ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ግን ቃል አትግቢ። ጉዳት ላይ ያለ ልጅ ከሆነ ለሚመለከተው ማሳወቅ ግዴታሽ ነው፣ ያኔ ቃልሽን ማጠፍ ይመጣል።

የመቀመጫውን ሥዕል ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።

እናትሽ