ተክሉን ራሱ የሚያጠጣ የመንገድ ዳር ወንበር

ሰላም ለሁላችሁም፣

ባለፈው ተክል ስለሚተከልባቸው የመንገድ ዳር ወንበሮች ስናወራ “ተክሉን ማን ያጠጣዋል?” የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ተክል የሚደርቀው ተካይ ጠፍቶ ሳይሆን አጠጪ ጠፍቶ ነው።

መፍትሔው ከመቀመጫው ሥር አለ። ከጣሪያ የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ ወደ ወንበሩ ሆድ ይገባል። እዚያ ማጠራቀሚያ አለ፤ ከሱ በላይ አፈርና ተክል። በመካከል ወፍራም የጨርቅ ክር ይዘረጋል። አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው አፈሩ ውስጥ። ክሩ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ። አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይስባል፣ ሲረጥብ ይቀንሳል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው።

ሂሳቡም ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር ይሆናል፤ የሚተነውና የሚባክነው ሳይቀነስ።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክፍት ውሃ ለትንኝ ሰርግና ምላሽ ስለሆነ መግቢያው ሁሉ በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈን። የትርፍ ውሃ መውጫም የግድ ነው፤ ያለዚያ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ክብደቱም ቀልድ አይደለም፤ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው።

ንድፍ የጀመራችሁ እስቲ ላኩልን። በሚቀጥለው ስብሰባ ተክል እንመርጣለን። ድርቅም ጎርፍም የሚችሉትን አስባችሁ ኑ።