ለደንበኞቻችን፦ መብራቱ ጠፍቶ የካርባይድ ማመንጫው ጋዝ ለምን ይሠራል?

ጅማ፣ ግንቦት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ማመንጫው፣ እንደምታውቁት፣ ካርባይድ የሚባለውን ድንጋይ ውሃ ውስጥ እየጣለ ለመብራት የሚሆነውን አሲታይሊን የተባለ ጋዝ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ክረምት ሊገባ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበዛል፤ «መብራቶቹን ሁሉ አጥፍተን ተኛን፤ ሌሊት ግን ከጣሪያ በላይ ከወጣው ቱቦ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሽታ ይመጣል፤ ጠዋት ደግሞ የካርባይዱ ቋት ጎድሎ እናገኘዋለን። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ጥፋቱ ቋቱ ውስጥ የገባው ካርባይድ ነው፤ አለዚያም ከታች የተጠራቀመው አተላ።

መቆጣጠሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። በገንዳው ውሃ ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ በርሜል ይንሳፈፋል። ጋዝ ሲገባበት ይነሳል፤ መብራቶቹ ጋዙን ሲወስዱ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል በጎኑ ያለው ክንድ የቋቱን ቫልቭ ይጫነዋል፤ እፍኝ የማይሞላ ካርባይድ ማመንጫው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ ጋዙ ተንተክትኮ ይወጣል፣ በርሜሉ ይነሳል፣ ሞላው ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል። የሰው እጅ አያስፈልገውም። አንድ መብራት ብቻ ከበራ በርሜሉ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ስድስቱም ከበሩ ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል።

በስድስት መብራቱ ማመንጫ የበርሜሉ ወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍና ዝቅ የሚልበት ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ110 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ጋዝ ይይዛል። ክብደቱ 22 ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሆነ ጋዙን በ8 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ግፊት ይገፋዋል። መብራቱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ብርሃን እንዲጨምር ብሎ በርሜሉ ላይ ድንጋይ መጫን ነበልባሉን ከጫፉ አላቆ ማስፏጨት ነው፤ ሌላ ትርፍ የለውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቫልቩ ሊያቆም የሚችለው ገና ያልወደቀውን ካርባይድ ነው። አንዴ ውሃ የነካውን የሚያስቆመው የለም፤ እስኪያልቅ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ በርሜሉ ሁልጊዜ ለተረፈው ጋዝ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ክንዱም የተስተካከለው ይህን አስቦ ነው። በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ግራም ካርባይድ ይወድቃል፤ ይህ 20 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሰጥ በርሜሉ በቀላሉ ይችለዋል። ችግሩ የሚመጣው የሚወድቀው መጠን ሲዛባ ነው።

የሚዛባው ደግሞ በፍሬው ልክ ነው። የእኛ ቫልቭ የተሠራው ከ7 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ላለው ካርባይድ ነው፤ ትንሹ የተፈለፈለ ቡና ያህል፣ ትልቁ እሸት ቡና ከነገለፈቱ ያህል። ገበያ ላይ በርከት ብሎ የሚገኘው ግን ለብየዳ የሚሆነው ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ያለው ድንጋይ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል። ያንን ገዝቶ በመዶሻ መፈርከስ ሁለት ጣጣ ያመጣል። አንዱ ፍርካሽ ቫልቩና መቀመጫው መካከል ይሰነቀራል፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ያድራል፤ ካርባይዱ እንደ ጤፍ እየተንጠባጠበ ቋቱ ይጎድላል። ከመዶሻው የሚተርፈው ዱቄት ደግሞ ውሃ ሲነካ በቅጽበት ይፈላል፤ በርሜሉ ዘሎ እስከ ጫፍ ይደርስና ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ሌሊት የሚሸተው ይኸው ነው። ቱቦው ሥራውን እየሠራ ነው፤ እባካችሁ በጨርቅ አትወትፉት። አፉ ከጣሪያው ክዳን በላይ፣ ከማድቤት ጭስ ማውጫ ርቆ ይሁን።

ስለዚህ ካርባይዱን በወንፊት ንፉት። በ15 ሚሊ ሜትሩ ያላለፈውንና በ7 ሚሊ ሜትሩ ያለፈውን ለየብቻ አስቀምጡ፤ ትልልቁን በያጆች ይገዟችኋል። ዱቄቱን ቋት ውስጥ አትጨምሩ። ሲነፉ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ከእሳት መራቅ፣ እጅም ደረቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አተላው ነው። 1 ኪሎ ካርባይድ ከ1 ኪሎ በላይ ደረቅ ኖራ ይተዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ እንደ ጠላ አተላ ወፍሮ ከታች ይቀመጣል። አተላው ወፍራም ሲሆን አዲስ የሚወድቀው ፍሬ ውሃ ሳያገኝ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። እዚያ ቀስ እያለ ሰዓታት ይፈላል፣ በዙሪያውም ይግላል። ማመንጫውን ስትከፍቱ ነጭ መሆን የነበረበት ኖራ ቢጫ ወይም ቡናማ መስሎ ካያችሁት ከታች ሙቀት በዝቷል ማለት ነው፤ የውሃውን መጠን ያሳነሰ ወይም አተላውን ያቆየ ሰው አለ።

ልኩ ለ1 ኪሎ ካርባይድ 10 ሊትር ውሃ ነው። ለ5 ኪሎ ቋት 50 ሊትር ማለት ነው። ለኬሚካላዊ ሥራው ከአንድ ሊትር በታች ይበቃ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ለማቀዝቀዝ ነው። የ1 ኪሎ ካርባይድ ሙቀት 10 ሊትር ውሃን በ40 ዲግሪ ገደማ ያሞቃል፤ የጠዋቱ ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢወድቅ 60 ይደርሳል። በቀስታ ሲወድቅ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ይወጣል። የገንዳውን ጎን በመዳፍ ዳስሱት፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መብራት ቀንሱና ይብረድ።

ካርባይዱን የምትሞሉት በቀን ብርሃን ይሁን፤ ማታ ቢያልቅ እስኪነጋ በሌላ መብራት አሳልፉ። በቅደም ተከተሉ የመብራቶቹን ዋና ሩቢኔት ዝጉ፤ መተንፈሻውን ክፈቱ፤ አተላውን ከታች ባለው ቫልቭ እስከ መጨረሻው አውጡ፤ ገንዳውን እጠቡ፤ ንጹሕ ውሃ እስከ ምልክቱ ሙሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቋቱን ሙሉና ክዳኑን ከነጎማው አጥብቁ። መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ ከአየር ጋር የተቀላቀለ ነውና አንድ ሙሉ በርሜል ወደ ውጭ ልቀቁት፤ መብራት የሚለኮሰው ከዚያ በኋላ ነው። አሲታይሊን ከአየር ጋር ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 81 በመቶ ድረስ ይፈነዳል። እንዲህ ሰፊ ክልል ያለው ጋዝ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚናቅ ፍሳሽ የለም። ፍሳሽ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ ነው። ክብሪት አይነካም።

ወጪ ለምታሰሉ፦ በባሕር ጠለል ላይ ጥሩ ካርባይድ በኪሎ 280 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ያው ጋዝ ወደ 340 ሊትር ይሰፋል። በሊትር ብትለኩት ያተረፋችሁ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን አልጨመረም፣ ብርሃኑም እንዲሁ። ለሂሳብ የሚሻለው 1 ኪሎ አንድ መብራት 20 ሰዓት ያበራል ብሎ መያዝ ነው። ስድስት መብራት ለአራት ሰዓት 24 የመብራት ሰዓት ይሆናል፤ 1 ኪሎ ከ200 ግራም። ሙሉ ቋት አራት ማታ ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ክፍል ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ ሶላር ፋኖስ ይበቃል፣ እኛም ማመንጫ አንሸጥለትም። የእኛ ዕቃ የሚያዋጣው መስመር ባልደረሰበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያና ሌሊት በሚሠራበት ሰፊ አዳራሽ ነው።

መብራቱ ጫፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ተያይተው ጋዙን ያጋጫሉ፤ ነበልባሉ የዓሣ ጅራት መስሎ የሚዘረጋው ለዚህ ነው። አንዱ ቀዳዳ ከተደፈነ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ያጨሳል። በቀጭን ሽቦ ወጋ አድርጎ መጥረግ ይበቃል፤ መርፌ አስገብቶ ማስፋት ግን ጫፉን ያበላሸዋል። ጋዝ ለመቆጠብ ብላችሁ ሩቢኔቱን ግማሽ አትዝጉት። የተኮማተረ ነበልባል ጥቀርሻ ይሠራል፤ ጥቀርሻው ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ከዚያ ጫፍ መግዛት ነው። ብርሃን በዛ ካላችሁ አንዱን መብራት ሙሉ በሙሉ አጥፉ።

ከፍሪጅ ጠጋኝ የተገኘ የመዳብ ቱቦ ለዚህ ጋዝ ፈጽሞ አይሆንም። አሲታይሊን ከመዳብ ጋር ሲቆይ ሲነኩት የሚፈነዳ ቅርፊት ይሠራል፤ ብርም እንደዚያው ነው። ቱቦው ብረት ይሁን፤ ሩቢኔቱ ነሐስ ከሆነ የመዳብ ድርሻው ከ65 በመቶ የማይበልጥ ይሁን።

«የተረፈውን ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ ሞልተን እናስቀምጠው?» ለሚሉም መልሳችን አይሆንም ነው። ነፃ አሲታይሊን ከ1 ባር በላይ ሲጨመቅ አየር ሳያስፈልገው ራሱን ሊያፈነዳ ይችላል። የፋብሪካው ሲሊንደር ውስጥ ጋዙን የሚይዝ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ መሰል ነገርና አሴቶን የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ባዶ ብረት አይደለም። ባሕር ላይ መርከብ ለሚመሩ የመብራት ማማዎች የአሲታይሊን መቆጣጠሪያ የሠራው ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን በ1912 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በአሲታይሊን ፍንዳታ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥቷል።

ክረምት ላይ ካርባይዱ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። የተከፈተ ቆርቆሮ በተመሳሳይ ቀን ካልተጨረሰ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ አስቀምጡ። ያበጠ ወይም የሚሸት ቆርቆሮ በመዶሻና በመሮ አይከፈት፤ ከውስጥ ጋዝ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ከገንዳው የሚነሳው እንፋሎትም የቫልቩን አፍ በኖራ ይለጥፈዋል፤ በየሳምንቱ ቋቱ ባዶ ሲሆን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ውሃ አታስነኩት።

አተላውን ወደ አወይቱ ወንዝ ወይም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አትድፉ። ኖራው ዓሣና ቆዳ ያቃጥላል፤ የተረፈው ጋዝ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይጠብቃል። ክፍት ጉድጓድ ላይ አፍሱት፣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ግድግዳ ለመቀባት ይሆናል፤ አካባቢያችን አሲዳማ አፈር የበዛበት ስለሆነ ማሳ ላይም ይጠቅማል፤ መጠኑን የግብርና ባለሙያ ይንገራችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሌሊት ሽታው ካልቆመ የቫልቩን ሾጣጣ አውጥታችሁ አምጡልን፤ በጠርሙስ ውስጥም ከቋቱ አንድ እፍኝ ካርባይድ በደረቁ አሽጉና አብራችሁ አምጡት። ፍሬውን ሳናይ ሞላ አንቀይርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዝ መብራት ዕቃ አቅራቢና ጠጋኝ
ጅማ