ጥፋቱ የፋብሪካ ብቻ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካዋ ከተማ ስለ ዲትሮይት ኪሳራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በመኪና ፋብሪካዎቹ መዘጋት ላይ ማላከካችሁ አልተዋጠልኝም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወርዷል። ከንቲባዋ የነበረው ክዋሜ ኪልፓትሪክስ? ፖሊሶች በፍትሐ ብሔር ሲከሱት ከረዳቱ ጋር የፍቅር ግንኙነት የለኝም ብሎ በመሐላ መሰከረ፣ ከተማዋም ለከሳሾቹ 8.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች፣ በኋላ ግን ሁለቱ በከተማው ፔጀር (የአጭር መልእክት መቀበያ መሣሪያ) የተላላኩት መልእክት ወጥቶ ውሸቱን አፈረጠው። በ2008 ሥልጣን ለቀቀ።

ይሄ ትንሹ ነው። የውሃና ፍሳሽ ሥራ የሚፈልግ ተቋራጭ የከንቲባውን ወዳጅ ካላስገባ ኮንትራቱን ሊነጠቅ ይችል ነበር! ኪልፓትሪክ በ2013 በ24 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 28 ዓመት ተፈረደበት። በ2021 ትራምፕ ቅጣቱን አሳጥረውለት ከእስር ወጣ።

ከተማዋ በዚያው በ2013 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ይዛ ኪሳራ ስታውጅ፣ ከመንገድ መብራቶቿ 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ለከተማዋ የሠራ ተራ ጡረተኛ ከጡረታው 4.5 በመቶ ተቆረጠበት። እሱ ምን በደለ? በጣም ነው የሚያናድደኝ። እባካችሁ ይሄንንም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ