የየትኛው አገር ጸደይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጋዜጣችሁን መጀመሪያ ያወቅሁት ቅመም ስጠቀልልበት ነው። አትቀየሙኝ፤ በደሴ ሰኞ ገበያ መጠቅለያ ከመሆን የሚያመልጥ ጋዜጣ የለም። ስጠቀልል ማንበቤ አይቀርም፤ ቁም ነገር ያለበት ገጽ ሲገጥመኝ እጥፍ አድርጌ ከሚዛኑ ሥር አስቀምጠዋለሁ። በጸደይ ወራት በአዩርቬዳ፣ በሕንዶች ጥንታዊ የሕክምና ትምህርት፣ አኗኗር ሚዛንንና ጉልበትን ስለመጠበቅ ያወጣችሁትን የጤና ዓምድ ግን አንዲት ልጅ ናት ቆርጣ ያመጣችልኝ። ቅባት፣ ጣፋጭና ሥጋ ቀንሱ፣ ኮምጣጣ ተዉ፣ መራራና የሚያቃጥል ብሉ፣ ቀን አትተኙ ትላላችሁ።

ልጅቱ አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ አንጠልጥላለች። በአንድ እጇ የእናንተን ቁራጭ፣ በሌላው አንድ ትንሽ ብልቃጥ ይዛ «እትዬ፣ ትሪካቱ አለ?» አለችኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንኳን ብቆጥር ሠላሳ ዓመት በቅመም ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ትሪካቱ የሚባል ሰምቼ አላውቅም። «እስቲ ልጄ፣ ብልቃጡን» ብዬ ከፍቼ አሸተትሁት። ዝንጅብል ነው። ቁንዶ በርበሬ አለበት። ሦስተኛው ትንሽ አሳሰበኝ፤ ጥምዝ ይመስላል፣ ግን ጥምዝ አይደለም። ወረቀቷ ላይ ሳነብ ስሙ በሕንዶቹ ቋንቋ «ሦስቱ የሚያቃጥሉ» ማለት ኖሯል፤ ሦስተኛው ፒፓሊ ይባላል፤ ከእኛ ጥምዝ ጋር የአንድ ወገን ዘር ነው። ከአዲስ አበባ ስታስመጣው ያወጣችውን ብር ስትነግረኝ ደነገጥሁ። «አብሽሪ» አልኋት፤ «ሁለቱን ከዚህ እሰፍርልሻለሁ፣ ለሦስተኛው ጥምዝ አለልሽ፤ ከከፋ በኩል የሚመጣ ነው።» እሷም «ከፋ? ካፋን የሚያጠፋው?» ብላ ሳቀች። የጽሑፋችሁን «ካፋ»፣ ሰውነት የሚያከብደውን ጠባይ ማለቷ ነው።

ካፋ የሚለውን ቃል እኔ ከዓምዳችሁ በፊት ሰምቼዋለሁ። በ1974 ዓ.ም. ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ባዮሎጂ ያስተማሩን ሕንዳዊ ነበሩ። ሰኞ ሰኞ እናቴ መደብ ላይ ይመጡና እርድ፣ አብሽና ነጭ አዝሙድ ይገዛሉ። ነጭ አዝሙዱን መዳፋቸው ላይ አሽተው አሽትተው «አጅዋይን፣ አጅዋይን» ሲሉ ያገራቸውን ሰው ያገኙ ይመስል ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፣ እሳቸው አማርኛ አይችሉም፤ በመካከል የማስተረጉመው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እናቴ ሳል ይዟት ሲያዩአት ያስተረጎሙኝን አልረሳውም። ሰው ውስጥ ሦስት ጠባይ አለ አሉ፤ የነፋስ የሆነው ቫታ፣ የእሳት የሆነው ፒታ፣ የውኃና የአፈር የሆነው ካፋ። ካፋ በብርድ ወራት ሰውነት ላይ ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ረጋ ቅቤ ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ ጉንፋኑ፣ አክታው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ይመጣል፤ የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል። እናቴ ሰምታ ስታበቃ «እና ይኼን ለማወቅ ነው ባሕር የተሻገሩት?» አለች። እሱን አልተረጎምሁም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ዓምዳችሁ ጽሑፉን በአደይ አበባ አስጊጦ በመስከረም አወጣው፤ ምክሩ ግን የመጋቢትና የሚያዝያ ነው። ሕንዶቹ ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍሉታል፤ ቫሳንታ የሚሉት ጸደይ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መግቢያ እስከ ግንቦት መግቢያ ግድም የሚውለው ነው። የእኛም የባሕረ ሐሳብ ሰዎች ጸደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው የሚያስቀምጡት። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ሬዲዮኑ «የጸደይ ወራት» ሲል መፀው የሚባል ቃል እየጠፋ ሄደ፤ እናንተም አላዳናችሁትም።

የስም ክርክር ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ። ነገሩ ግን ከምንበላው ጋር ይገናኛል። በእነሱ አገር ጸደይ የሚያልፈው ወደ ቃጠሎ ነው። ከብርድ ወጥተው ወደ ሙቀት ስለሚገቡ ቅባቱን ቀንሱ፣ ጣፋጩን ቀንሱ፣ ሥጋውንም አታብዙ፣ መራራና የሚያቃጥል ብሉ ቢባሉ ልክ ነው። እኛ ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴን የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ እኛም ጋቢ ለብሰን፣ ገንፎና አጥሚት በቅቤ ስንል እንከርማለን። መስከረም ሲጠባ ሰውነት መክበዱ እውነት ነው፤ ያ ካፋ ከሆነ ካፋ ነው። ግን ከመስከረም ቀጥሎ የሚመጣብን ቃጠሎ አይደለም፤ የጥቅምት ንፋስና የኅዳር ውርጭ ነው። አባቶች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለሆዳቸው ብለው አልነበረም። የዓምዳችሁን ምክር አምኖ ቅባትና ሥጋ እርም ያለ ሰው ደሴ ላይ ኅዳርን እንዴት ይሻገረዋል? በእነሱው ትምህርት ብንሄድ እንኳ ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ የሚያስነሳው ቫታን ነው፤ እሱን የሚያበርደው ደግሞ ሞቅ ያለና ቅባት ያለው ምግብ ነው። አንዱን ሲያባርሩ ሌላውን መጥራት ይሆናል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቀለል አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቅቤዬ እመለሳለሁ። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ የምትኖረው እኅቴ ግን ይኼም አይመለከታት። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ግን ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ 1800 ሜትር ግድም ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቤቷ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ጋቢዬን መጣል ነው። ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ቀን የተለያየ ወቅት ውስጥ ከሆንን፣ ለመላው አገር አንድ «የጸደይ ምግብ» ከየት ይመጣል?

እውነተኛው ጸደይ ሲመጣ ደግሞ፣ መጋቢትና ሚያዝያን ማለቴ ነው፣ እኛ ጋ የበልግ ዝናብ አለ። ያኔ የእናቴ ወገኖች ዐቢይ ጾም ላይ ናቸው፤ 55 ቀን ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። ሕንዶቹ በዚያ ወር ቀንሱ የሚሉትን ማንም ሳያስተምራቸው ቀንሰውታል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን በዚያ ሰሞን እነሱ ቤት ስገባ ሽሮውንና ጎመኑን አብሬ ስበላ ቀልሎኝ ነው የምወጣው። ወሎ ነን።

ከጽሑፋችሁ የወሰድሁትም አለ፤ ለፍርድ ያህል ልናገር። ቀን አትተኙ የሚለውን ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር በመስከረም ከምሳ በኋላ የአብሽ ጆንያ ላይ ደገፍ ብዬ ማንቀላፋት ልማዴ ነበር፤ ደንበኞቼ ራሳቸው ሰፍረው ብሩን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። አሁን ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ማታ የተሻለ እተኛለሁ። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት የካፋ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ቀድማችሁ ተነሡ የሚለውም ለገበያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ስለ ስፖርት የጻፋችሁትን ዘልዬዋለሁ፤ ደሴ ላይ ዳገቱ ይበቃል።

ኮምጣጣ ተዉ የሚለው ላይ ግን ቆም አልሁ። እንጀራ ልንተው ነው? እንጀራን መተው አያስፈልግም፤ አፍለኛ እንጀራ መብላት ነው። ሊጡ ሳይኮመጥጥ ቶሎ የተጋገረው ለሆድ ይቀላል፤ እናቶቻችን ለታመመ ሰው የሚያቀርቡት እሱን ነበር። ገብስ ብሉ ብላችኋል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ቀሪቦ ማለት ስትችሉ ለምን ከውጭ የሚመጣ የገብስ ዱቄት ስም ጻፋችሁ? ማር በፈላ ውኃ አታፍሉ ማለታችሁን እናቴ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር፤ ብርዝ የሚበጠበጠው በቀዝቃዛ ውኃ ነው።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። የእኅቴ ልጅ ፋርማሲስት ነው፤ ብልቃጡን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። በ2000 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ ከአምስቱ በአንዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶበታል አለኝ። እኔም የማልደብቀውን ልናገር፤ የተፈጨ እርድ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል አይጠፋም፤ ስለዚህ ሥሩን ገዝታችሁ ራሳችሁ አስፈጩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ማዘውተር ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አብሽ ራሱ ስኳር ያወርዳል። ሕንድ አገር የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል አሉ። እናንተ በግማሽ ገጽ ጨረሳችሁት።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ምክር ስታወጡ ወሩን በእኛ አቆጣጠር፣ ቅመሙንም በእኛ ስም ጻፉልን፤ ደጋ ነው ቆላ የሚለውንም ጨምሩበት። ይኸው ነው ልመናዬ።

ባጅ ያንጠለጠለችውን ልጅ በተመለከተ፤ ስልኳ ሲጠራ ስትሮጥ ጥምዟን ይዛ ብልቃጡን ረስታዋለች። ጋዜጣችሁን እንደምታነብ ስለማውቅ በእናንተ በኩል ልንገራት፤ ብልቃጡ ከሚዛኑ ጀርባ ተቀምጧል። የእኅቴ ልጅ ያለውን እስክነግራት ድረስ ግን አልመልስላትም።

አንዲት የሰኞ ገበያ ቅመም ነጋዴ
ከደሴ