ሳታብብ ወለደች

ባሕር ዳር፣ ግንቦት

ይድረስ ለማኩረፍ መብት ላላት ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ 2 ዓመት ጠፍቶ እንደምን ሰነበትሽ ማለት ያሳፍራል። ለአባትሽ ለቅሶ አለመድረሴን... ነፍሳቸውን ይማር። እሱን ዓይንሽን ካላየሁ አልችለውም። ይቅር በይኝ፤ ልለፈው።

የጠፋሁበትን ግን ልንገርሽ። ስትሄጂ አደራ ካልሽኝ ሁለት ቲላንድሲያዎች፣ ከነዚያ አፈር ከማይሹት ተክሎችሽ፣ አንዷ ሞታለች። ይኸው፣ ወጣልኝ! በመጀመሪያው ክረምት ነው። እማዬ «ውሃ ያልጠጣ አበባ ምን ዕድሜ አለው» እያለች ስትነዘንዘኝ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌያት አደርኩ። ጠዋት አራግፌ መስኮት ሥር አኖርኳት፤ ዝናቡ አላባራ፣ እሷም አልደረቀች። በሳምንቱ መሃሏን ነካ ባደርገው ልቧ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ግርጌዋ ጠቁሮ ይሸታል። አደራሽን ውሃ በላው፤ ያውም በቁሙ። በየት አፌ ልደውልልሽ?

ሁለተኛዋን፣ ቴክቶሩም የምትባለዋን ዝርያ፣ ከዚያ ወዲህ እማዬ አትደርስባትም። ከሐይቁ ዳር ባነሳሁት ጥቁር ድንጋይ ላይ በዓሣ መረብ ክር አሰርኳት (የመዳብ ሽቦ አታስጠጊባት ያልሽኝን አልረሳሁም)። ቦታዋ በረንዳው ጫፍ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ነፋስ የሚያገኛት ላይ ነው። በበጋ በሳምንት አንዴ በማለዳ እረጫታለሁ፤ በክረምት ጠብ አላደርግባትም። ያ ነጭ ጠጉሯ ከአየሩ እርጥበት የሚበቃትን ይጠጣል፤ ሥሯ እንደሆነ ድንጋይ መጨበጫ ብቻ ነው። የፔሩና የኢኳዶር ገደል ልጅ አይደለች! በክር ለካኋት፤ በ2 ዓመት የጨመረችው አንድ የጣት አንጓ። እምቦጭም እኮ አገሩ እዚያው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እሱ በ2 ሳምንት እጥፍ እየሆነ ጣናን ሲያለብስ ይቺ ግን... እማዬ «ሞታም ከሆነ ቁርጡን ንገሪኝ» ትላለች።

ትናንት ታዲያ ከግርጌዋ ሽምብራ የምታህል ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ መስሎኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። በመርፌ ጫፍ ገለጥ ባደርጋት ቅጠል አላት። ወልዳለች! ግን አላበበችም እኮ። አንቺ አብባ ነው የምትወልደው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ትሞታለች ብለሽኝ ነበር። ሳታብብ መውለዷ ደግ ነው ክፉ? የእናቷን ሲሶ ስታህል ትለያለች ይላሉ፤ በዚህ አካሄዷ ሲሶ እስክትሞላ እኔና አንቺ ከዘራ እንይዛለን።

ልጅቷ... እንግዲህ ያንቺ ናት፤ በሞተችው ፋንታ። ካኮረፍሽም አኩርፊ፤ ብቻ ልለያት ወይስ ልተዋት የሚለውን ጽፈሽልኝ አኩርፊ።