ፋጅ ፈንግልን አይፈጅም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባክቴሪዮፋጅ (በአጭሩ ፋጅ) በዶሮ እርባታ አንቲባዮቲክን ይተካል መባሉ ደግ ነው፤ ግን አርቢው እንደ ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ውኃ ላይ በትኖ የሚያጠጣው ነገር እንዳይመስለው ጥቂት እንጨምር።

ፋጅ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ስሙ ከእኛው «ፈጀ» ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ቢሆንም ሥራውን ይገልጸዋል፦ ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ አፈንድቶት ይወጣል። ዶሮ ላይም አዲስ አይደለም፤ የፋጅ ተመራማሪው ፌሊክስ ዴሬል እ.ኤ.አ. በ1919 ፈረንሳይ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ለሚያመጣው የዶሮ ታይፎይድ ሞክሮታል።

ችግሩ መራጭነቱ ነው። ለሳልሞኔላ የተዘጋጀው ኢ. ኮላይ የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ አይነካም፤ ከኢ. ኮላይም አንዱን ዝርያ ገድሎ ሌላውን ይተዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ዶሮ በጅምላ ካለቀ ሁሉም «ፈንግል» ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ስለሆነ ፋጅ ምንም አያደርገውም። ስለዚህ በቅድሚያ ከሞቱ ያልቆዩ ሁለት ሦስት ዶሮዎች በረዶ ባለበት ሳጥን በዕለቱ ላቦራቶሪ ይድረሱ። ባክቴሪያው ከጉበት፣ ከጣፊያና ከመቅኔ ይለይ፤ ፋጁም በዚያው ባክቴሪያ ላይ ይፈተን። በላቦራቶሪው ሳህን ላይ ከተነጠፈው ባክቴሪያ መሀል ጥርት ያሉ ክብ ክፍተቶች መታየት አለባቸው። ክፍተቱ ከደበዘዘ ፋጁ ከባክቴሪያው ጋር ተስማምቶ የሚኖር ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው የመርዝ ዘረመል ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊያሻግር ስለሚችል ይጣል።

በውኃ ሲሰጥ ዋናው ጠላት ክሎሪን ነው። ለክትባት እንደሚደረገው በሊትር 2.5 ግራም ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት ክሎሪኑን እንዲያከሽፍ አስቀድሞ ይበጥበጥ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ፋጁ ይጨመር። መጠጫው በበረኪና ታጥቦ ሳይለቀለቅ ከቀረ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ፀሐይም ሆነ የዶሮዋ የጨጓራ አሲድ የፋጁን ቁጥር ይቀንሱታል።

የዶሮዋ መተንፈሻ አካል በሆነው የአየር ከረጢት ላይ የሰፈረ ኢ. ኮላይ በውኃ በተሰጠ ፋጅ ይድናል ብሎ መጠበቅም አይገባም። አሜሪካ፣ አርካንሶ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች ያዳነው በመርፌ የተሰጠው ነው፤ እሱም በጊዜ ሲደርስ።

የዶሮ ታይፎይድ ይብሳል። ሳልሞኔላው በዶሮዋ ሴሎች ውስጥ ተሸሽጎ እንቁላል ማፍሪያዋ ድረስ ይዘልቃል፤ ጤነኛ መስላ በእንቁላሏ ለጫጩት ታስተላልፋለች። እንዲህ ያለችው በደም ምርመራ ተለይታ ትወገዳለች እንጂ በፋጅ አትጸዳም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች
ቢሾፍቱ